ሦስት ጊዜ የተቀበረው ጄኔራል

የኬልቄዶን ጉባኤ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጉባኤው በ451 ኦክቶበር ላይ ሲከፈት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፋርስ ግዛት ሥር የነበረችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን አልተወከለችም። በዚያ ሰሞን ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ለመከራከር ፋታ አልነበራትም። ከአምስት ወር በፊት የጦር አበጋዟ አቫራይር በሚባል ሜዳ ላይ ከነመኳንንቱ ወድቆ ነበር። አርመኖች የጦር ሰዎቻቸውን ዛሬም ድረስ የሚያስቡበት መንገድ የተቀየሰው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው የፋርሱ ንጉሥ ዳግማዊ ያዝደገርድ፣ አርመኖች ክርስትናን ትተው የእሳት አምልኮን እንዲቀበሉ ባዘዘ ጊዜ ነው። መኳንንቱ ወደ ንጉሡ ከተማ ተጠሩ፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሲሉም ለይምሰል እሺ አሉ። ሲመለሱ የእሳቱን ካህናት አስከትለው ስለነበር ግን ሕዝቡ ገና ከደጅ ተነሣባቸው። አመፁን የመራው የጦር አበጋዙ ቫርዳን ማሚኮንያን ነበር። ወደ ቁስጥንጥንያ መልእክተኛ ተላከ፤ አዲስ የነገሠው መርቅያን፣ ያው በኋላ ኬልቄዶንን የጠራው መርቅያን፣ እርዳታ ነፈጋቸው። ከራሳቸው ወገንም የስዩኒኩ ገዢ ቫሳክ ከፋርስ ጎን ቆመ። ሜይ 26 ቀን ዝሆን ያሰለፈው የፋርስ ጦር ሜዳውን ያዘ። የታሪክ ጸሐፊው ዬግሼ ቆጥሮ እንዳስቀመጠው፣ ቫርዳንና ስምንት መኳንንትን ጨምሮ 1,036 አርመኖች በዚህ ጦርነት ሞቱ።

በጦር ሜዳ ሚዛን ይህ ሽንፈት ነው። ነገር ግን ትግሉ አልቆመም። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ484፣ የቫርዳን የወንድም ልጅ ቫሃን ከፋርስ ጋር ንቫርሳክ ላይ ተዋውሎ አርመኖች በሃይማኖታቸው እንዲኖሩ አስፈቀደ። ቤተ ክርስቲያኗ በበኩሏ ኬልቄዶንን እንደ እኛው ሳትቀበል ቀረች። ቫርዳንንና አብረውት የወደቁትን ደግሞ በሰማዕትነት አከበረች፤ በዓላቸው ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሐሙስ ይውላል። ለቫሃን እንዲህ ያለ ክብር አልተሰጠም። ድል ያመጣው የወንድም ልጅ የታሪክ መጽሐፍ ሰው ሆኖ ሲቀር፣ የወደቀው አጎት ወደ ቅዳሴው ገባ። ቫርዳን የሚለው ስም እስከ ዛሬ በየቤቱ ለወንድ ልጅ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘመናት በሩጫ እናልፋቸዋለን። ባለብዙ ቤተ ክርስቲያኗ አኒ በ1045 በቢዛንታይን እጅ ወደቀች። በሜዲትራንያን ዳርቻ የነበረው የኪልቅያ መንግሥት በ1375 ጠፋ። ከዚህ ወዲያ እስከ 1918 ድረስ የአርመን መንግሥት የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡ ለኦቶማን፣ ለፋርስና በኋላም ለሩሲያ ገበረ። መንግሥት ከሌለ ጦር የለም፤ ጦር ከሌለም ጄኔራል የለም። የሚቀጥለው የአርመን ጀግና የመጣው ከአናጢ ቤት ነው።

አንድራኒክ ኦዛንያን በ1865 በኦቶማን ግዛት ሻቢን ካራሂሳር በተባለች ከተማ ተወለደ። እናቱ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ናት። አባቱ አናጢ ነበር፤ እሱም ሙያውን ወረሰ። በ1890ዎቹ፣ ሱልጣን አብዱል ሐሚድ በአርመኖች ላይ ያስነሣው ጭፍጨፋ በየመንደሩ በተስፋፋበት ጊዜ፣ ፌዳዪ ከሚባሉት አርበኞች ጋር ወደ ሳሱን ተራሮች ወጣ። መሪያቸው ሴሮብ በ1899 ሲገደል ቦታውን አንድራኒክ ያዘ።

ስሙን ያስጠራው በኖቬምበር 1901 የሆነው ነገር ነው። ከሙሽ ከተማ አጠገብ ቅዱሳን ሐዋርያት የሚባል የቆየ ገዳም ነበር። አንድራኒክ ሠላሳ ያህል ተዋጊዎችና ጥቂት ገበሬዎች ይዞ እዚያ ገባና በሩን ዘጋ። የኦቶማን ጦር ገዳሙን ከበበው። ክረምቱ እየገባ ነበር፤ ውስጥ ስንቅና ጥይት እያለቀ፣ ውጪ ያሉት ወታደሮች በብርድ እየታመሙ ሳምንታት አለፉ። የሙሽ የሃይማኖት አባቶችና የውጭ ቆንስላዎች ለሽምግልና ገቡ። አንድራኒክ ይህን ሁሉ ዓይንና ጆሮ ከሳበ በኋላ አንድ ሌሊት ሰዎቹን በትንንሽ ቡድን አድርጎ ከከበባው አወጣቸው። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ይህን ታሪክ ለሩሲያ አንባቢዎች የጻፈው ጋዜጠኛ ሊዮን ትሮትስኪ ነበር፤ ያኔ ለኪየቭ ጋዜጣ የባልካንን ጦርነት ይዘግብ ነበር። በእሱ አተራረክ፣ አንድራኒክ የቱርክ መኮንን ልብስ ለብሶ ዘቦቹን አንድ በአንድ እየዞረ ጥርት ባለ ቱርክኛ ሲያነጋግር፣ ሰዎቹ በዚያው መውጫውን እያዩ ሾለኩ።

የገዳሙ ከበባ ምንም መሬት ነፃ አላወጣም። በ1904 የሳሱን አመፅ በደም ተደመሰሰ፤ አንድራኒክም በፋርስ በኩል ተሰደደ። ነገር ግን ዘፈን ወጣለት፤ ዘፈኑም ከሱ ቀድሞ በየአገሩ ደረሰ። በስደት ሳለ ፓርቲው ዳሽናክ የሱልጣኑ ተቃዋሚዎች ከነበሩት ከወጣት ቱርኮች ጋር ሲስማማ፣ ይህ መጨረሻው አያምርም ብሎ ተለየ። በ1912 በቡልጋርያ ጦር ውስጥ የአርመን በጎ ፈቃደኞችን እየመራ ከኦቶማን ጋር ተዋጋ። ያኔ አብሮት የነበረው ወጣት መኮንን ጋሬጊን ንዥዴህ ይባላል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1915 የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቤታቸው እየነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው። ብዙ የታሪክ ምሁራን የሟቾቹን ቁጥር እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያደርሱታል። አንድራኒክ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ጦር ሥር የበጎ ፈቃደኞች ሻለቃ አዛዥ ሆኖ ዲልማን ላይ ተዋግቷል፤ ቢትሊስ ስትያዝም ነበረበት። የተወለደበትን አገር ግን ማዳን አልቻለም፤ ሲደርሱ የሚያገኙት ባዶ መንደር ነበር። በ1917 የሩሲያ አብዮት ሲፈነዳ የሩሲያ ጦር ግንባሩን ጥሎ ሄደ። በ1918 መጀመሪያ ሜጀር ጄኔራል ተብሎ ኤርዙሩምን እንዲያስጠብቅ ተሾመ። ከተማዋ በማርች ወደቀች።

በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የኦቶማን ጦር ወደ ዬሬቫን ሲገሰግስ አርመኖች የሚያፈገፍጉበት ቦታ አልቀራቸውም። የቤተ ክርስቲያኗ አባት ካቶሊኮስ ጌቮርግ አምስተኛ መንበራቸውን ኤችሚያድዚንን ለቀው እንዲሸሹ ቢለመኑ እምቢ አሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደወል እንዲደወል ሆነ፤ ገበሬው፣ ቄሱ፣ ሴቱ ለወታደሩ ውኃና ጥይት ተሸከመ። ሳርዳራባድ ላይ በጄኔራል ሞቭሴስ ሲሊክያን የተመራው ጦር የኦቶማንን ጦር መለሰ። ጦርነቱ ሳያልቅ ሜይ 28 ቀን የአርመን ሪፐብሊክ ታወጀች። ቢሸነፉ ኖሮ ዛሬ አርመን የሚባል አገር በካርታ ላይ መኖሩ ያጠራጥራል። እኔ ከአርመን የጦር ሰዎች ሁሉ ሲሊክያንን አስቀድማለሁ፤ በስሙ የተዘፈነው ግን ከሱ ሥራ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

አንድራኒክ ሳርዳራባድ አልነበረም። አዲሷ ሪፐብሊክ ከሳምንት በኋላ ባቱም ላይ ከኦቶማን ጋር የፈረመችው ውል ትንሽ ቁራሽ መሬት ብቻ ስላስቀረላት፣ አልቀበልም ብሎ ጦሩንና እልፍ ስደተኞችን ይዞ ወደ ዛንጌዙር ተራሮች ገባ። የአርመን መማሪያ መጻሕፍት ዛንጌዙርን ያዳነ ይሉታል። እዚህ ላይ ታሪኩን በሙሉ መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ዘመቻ የአንድራኒክ ተዋጊዎች የሙስሊም መንደሮችን አቃጥለዋል፤ ነዋሪውንም ገድለዋል፣ አባረዋል። የተራበው የአርመን ስደተኛ የሰፈረው በእነዚያ መንደሮች ነው። አዘርባጃን ውስጥ ስሙ ዛሬም የሚነሳው በገዳይነት ነው፤ ይህም ከጥላቻ የተፈጠረ ወሬ አይደለም።

በዲሴምበር 1918 ወደ ሹሻ ሲገሰግስ የእንግሊዙ ጄኔራል ቶምሰን፣ የዓለም ጦርነት አልቋል፣ የቀረውን የሰላም ጉባኤው ይፈታዋል ሲል ጻፈለት። አንድራኒክ አምኖ ተመለሰ። ኤፕሪል 1919 ኤችሚያድዚን ደርሶ ጦሩን በተነ፤ መሣሪያውንና ንብረቱን ለካቶሊኮሱ አስረከበ፤ አገሩን ለቆም ወጣ። በሕይወቱ አልተመለሰባትም።

መጨረሻው ያረፈው በካሊፎርንያዋ ፍሬዝኖ ነው። የወይን ዘቢብ የሚያመርቱ አርመኖች የከተሙባት ሞቃት የእርሻ ከተማ ናት። በ1922 ኑሮውን እዚያ አደረገ። የፍሬዝኖ ተወላጁ ደራሲ ዊልያም ሳሮያን በልጅነቱ የሰማውን የዚህን ሰው ዝና በ1930ዎቹ በአጭር ልቦለድ ጽፎታል። ከ1915ቱ ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በዚያ ዘመን በየአገሩ ተበትነው ነበር፤ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው አርባዎቹ ልጆች ከእነሱ ወገን ናቸው።

አንድራኒክ ኦገስት 31 ቀን 1927 በልብ ሕመም ሞተ፤ መጀመሪያ የተቀበረው በፍሬዝኖ አራራት መካነ መቃብር ነው። የተበተነው አርመን ግን ጀግናውን በባዕድ የዘቢብ እርሻ መሃል ሊተወው አልፈለገም። ወራት ሳይቆዩ አስከሬኑ ወጥቶ ወደ አርመን ጉዞ ጀመረ። ፈረንሳይ ላይ ቆመ፤ በዚያን ጊዜ አርመንን ይገዙ የነበሩት የሶቭየት ባለሥልጣናት አናስገባም አሉ። በ1928 መጀመሪያ ፓሪስ በሚገኘው ፔር ላሼዝ ተቀበረ። በፈረስ ላይ የተቀመጠ ምስሉ በመቃብሩ ላይ ቆመ። የፈረንሳይ አርመኖች እየተሰበሰቡ አበባ የሚያኖሩበት ቦታ ሆኖ ሰባ ሁለት ዓመት ቆየ።

ሶቭየት አርመን የሞተውን ብቻ ሳይሆን ሕያዋኑንም ፈርታለች። ሪፐብሊኳን ያዳነው ሲሊክያን በ1937 በስታሊን ዘመን ከሌሎች ጋር ተረሸነ። ሳርዳራባድ ከመማሪያ መጽሐፍ ወጣ። በምትኩ የተፈቀደ ጀግና መጣ፤ እሱም እውነተኛ ጀግና ነበር። ኢቫን፣ በአርመንኛው ሆቭሃኔስ፣ ባግራምያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያውን የባልቲክ ግንባር አዝዟል፤ ስላቭ ሳይሆኑ ግንባር ለማዘዝ ከበቁት ጥቂት የሶቭየት ጄኔራሎች አንዱ ነው። በ1955 ማርሻል ሆነ፤ ሁለት ጊዜ የሶቭየት ኅብረት ጀግና ተብሎ ተሸለመ። በ1982 ሲሞት በክሬምሊን ግንብ ሥር ተቀበረ። ይህ ማርሻል በሃያ ዓመቱ ሳርዳራባድ ላይ ተዋግቷል። በሞስኮ የተሸለመበትን ጦርነት ሁሉም ሲያወራለት፣ በወጣትነቱ አገሩን ያዳነበት ጦርነት ለዓመታት ስሙ አይነሳም ነበር።

ዝምታው የተሰበረው በኤፕሪል 24 ቀን 1965 ነው። ጭፍጨፋው 50 ዓመት የሞላበት ቀን ነበርና ሕዝቡ በዬሬቫን ጎዳናዎች ላይ ጎረፈ፤ በሶቭየት ምድር እንዲህ ያለ ሰልፍ ያልተለመደ ነበር። ሞስኮ በአንድ በኩል ባለሥልጣን ሻረች፤ በሌላ በኩል የመታሰቢያ ሐውልት ፈቀደች። በ1967 የሳሱን ተፈናቃዮች ልጆች በሚኖሩባት በኡጃን መንደር የአንድራኒክ ሐውልት ቆመ። የመንግሥት ፕሮጀክት አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ሥራ ነው። በዓመቱ በሳርዳራባድ ሜዳ ላይ አርክቴክቱ ራፋኤል እስራኤልያን የነደፈው መታሰቢያ ተመረቀ፦ ክንፍ ያላቸው ሁለት ግዙፍ ኮርማዎች ከቀይ ድንጋይ ተጠርበው፣ በመካከላቸው ደወሎች የተሰቀሉበት ግንብ ቆሞ። በ1975 የቫርዳን ሐውልት በዬሬቫን ተተከለ፤ የቀራፂው የዬርቫንድ ኮቻር ሥራ ነው። የኮሙኒስት መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ሰማዕት በፈረስ ላይ አስቀመጠው።

ከዚህ በኋላ ዐፅም ማፍለስ ሆነ ሥራው። ንዥዴህ፣ የባልካኑ ጓደኛ፣ በ1920 እና በ1921 ዛንጌዙርን ከቦልሼቪኮች ተከላክሎ ተሰዶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚ ጀርመን ጋር ተባበረ። ከጦርነቱ በኋላ ሶቭየቶች ይዘውት በ1955 በቭላድሚር እስር ቤት ሞተ። በ1983 ጥቂት አርመኖች ዐፅሙን በምስጢር አውጥተው ወደ አርመን አመጡት፤ ኋላም በስፒታካቮር ገዳም ቀበሩት። ሕዝቡ መንግሥትን ሳያስፈቅድ በራሱ እጅ የሠራው ቀብር ስለሆነ ታሪኩ ይነካኛል። ከሂትለር መንግሥት ጋር መቆሙን ግን ምንም ዓይነት ቀብር አይሽረውም። በ2016 መንግሥት በዬሬቫን መሃል ሐውልት ሲያቆምለት ሞስኮ በይፋ ቅር ተሰኘች፤ በዚህ ጉዳይ ቅሬታዋ ተገቢ ነበር እላለሁ።

በ1988 በአርመንና በአዘርባጃን መካከል የናጎርኖ ካራባኽ ነገር ፈነዳ፤ ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ወደ ሙሉ ጦርነት ተሸጋገረ። በዬሬቫን ዳርቻ ዬራብሉር የሚባል ኮረብታ የወደቁት ማረፊያ ሆነ። እዚያ ከተቀበሩት ውስጥ ሞንቴ መልኮንያን በ1957 በቪዛሊያ ነው የተወለደው፤ አንድራኒክ ከኖረባት ፍሬዝኖ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ አጥንቷል። ከዚያ ቤይሩት ሄዶ በቱርክ ዲፕሎማቶች ላይ ጥቃት ያደርስ የነበረውን አሳላ የተባለ ቡድን ተቀላቀለ። በ1980 በአቴንስ መኪና ላይ የተኮሰው ጥይት አንድ ዲፕሎማትንና የ14 ዓመት ሴት ልጁን ገደለ። በፈረንሳይ ታስሮ ተፈታ። በካራባኽ የማርቱኒ ግንባር አዛዥ ሆኖ ሲዋጋ ግን እስረኛና ሲቪል እንዳይነካ ወታደሮቹን ይቆጣጠር እንደነበር አብረውት የነበሩት ይመሰክራሉ። ጁን 12 ቀን 1993 ተገደለ፤ ከሳምንት በኋላ በዬሬቫን በተደረገው ቀብር ላይ እልፍ አእላፍ ሕዝብ ወጣ። በ1996 የአርመን ብሔራዊ ጀግና ተባለ። ሁለቱም መልኮንያኖች አንድ ሰው ናቸው፤ በኮረብታው ላይ የሚነገረው ግን የማርቱኒው ብቻ ነው።

ድሉ በ1994 ሲመጣ ጀግኖቹ ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቫዝገን ሳርግስያን የጦርነቱን አርበኞች ዬርክራፓህ በተባለ ማኅበር አሰባስቦ ትልቁ የፖለቲካ ኃይል አደረጋቸው፤ በ1999 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን ታጣቂዎች ምክር ቤቱ ውስጥ ገብተው ገደሉት። እሱም ዬራብሉር ተቀበረ፤ በቦታው ወንድሙ አራም ተሾመ። ከአራት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2000 ላይ፣ ከፓሪስ አውሮፕላን መጣ። የአንድራኒክ ዐፅም ነበር። በዬሬቫን የስፖርትና የኮንሰርት አዳራሽ ሕዝብ ተሰልፎ ተሳለመው፤ ፕሬዚዳንቱና ካቶሊኮሱ በተገኙበት በዬራብሉር አረፈ። በኋላ በዋናው ካቴድራል አጠገብ ሐውልት ቆመለት፤ ቀራፂው አራ ሺራዝ በሁለት ፈረሶች ላይ አስቀምጦታል። ከመንግሥት ደጅ ሰባ ሁለት ዓመት የተመለሰው አናጢ አሁን የመንግሥት ሆነ።

የመንግሥት ጀግና መሆን ግን ዋጋ አለው። ገዢዎቹ ከካራባኽ ግንባር የመጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ በሙስና የሚከሳቸውን ሁሉ ጦርነቱን እየጠሩ አፍ ያስዘጉ ነበር። በ2018 ጁን የአገሪቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት የዬርክራፓህ መሪ የነበሩትን የጄኔራል ማንቬል ግሪጎርያንን ቤቶች ፈትሾ ያገኘውን በቪዲዮ አሳየ፤ ሕዝብ ከአፉ ቀንሶ ለግንባር ወታደሮች የላከው የታሸገ ምግብ ሳይቀር ነበረበት። ጄኔራሉ ክሳቸው ፍርድ ሳያገኝ በ2020 ሞቱ። ያን ቪዲዮ ያዩ ወላጆች በዚያው ሰዓት ልጆቻቸው ምሽግ ውስጥ ነበሩ።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 2020 አዘርባጃን የጀመረችው ጦርነት 44 ቀን ፈጀ። ከአርመን ወገን ከ3,800 በላይ፣ ከአዘርባጃን ከ2,900 በላይ ወታደር ሞተ። ሰማዩን የያዘው ድሮን ስለነበር ፌዳዪ በጀግንነት የሚሠራው ነገር እምብዛም አልነበረም። በ2023 ሴፕቴምበር አዘርባጃን ካራባኽን በአንድ ቀን ዘመቻ ተቆጣጠረች፤ ከ100,000 በላይ አርመኖች በቀናት ውስጥ ተፈናቀሉ። መልኮንያን የሞተላት ማርቱኒ ዛሬ በአዘርባጃን እጅ ናት።

የዬራብሉር መቃብር ከ2020ው ጦርነት በኋላ በጣም ሰፍቷል። በአዲሶቹ መቃብሮች ላይ ካሉት የልደት ዓመቶች ብዙዎቹ 2000፣ 2001 እና 2002 ናቸው። የአንድራኒክ ዐፅም ከፓሪስ በገባ ሰሞን የተወለዱና በትምህርት ቤት የእሱን ታሪክ ተምረው ያደጉ የ18 እና የ20 ዓመት ምልምሎች ነበሩ። ከአንድራኒክ ይልቅ ስለ እነዚህ ልጆች መልስ የሚገባቸው ወላጆች አሉ፤ ማን፣ በምን ዝግጅት፣ ለምን እንደላካቸው እስካሁን ይጠይቃሉ።